ባሕሩ ሥዕል ነው፦ ከአያቴ የብስኩት ቆርቆሮ የተረፉ ሰዎች

አያቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። ከአዲስ አበባ ወደ አሰብ የሚወርደው የጭነት መኪና በባቲ በኩል ከመታጠፉ በፊት እዚያ ይቆማል። ሾፌሩ ይበላል። ረዳቱ ጎማ ይፈትሻል። ወደብ ሥራ ፍለጋ የሚሄደው ጎረምሳ ደግሞ ጥግ ይዞ ሻዩን ያበርዳል። አንዳንዱ ሄዶ በዚያው ይቀራል። ፎቶ ግን ይልካል፤ በሾፌር እጅ፣ በፖስታ ታሽጎ ወይም በሲጋራ ካርቶን ተጠቅልሎ።

አያቴ እነዚህን ፎቶዎች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታኖራቸው ነበር። 118 ናቸው። አብዛኞቹ ላይ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ ይህ ይገርመኝ ነበር። የኛ ቤት ፎቶ ሰው የሞላበት ነው፤ ሰርግ፣ ክርስትና፣ የምረቃ ቀን። የቆርቆሮው ሰዎች ግን ለየብቻቸው ነው የቆሙት። አንድ ወጣት መጋረጃ ላይ ከተሳለ ባሕር ፊት። አንዲት ሴት ክንዷን የፕላስቲክ አበባ ካለበት ቋሚ ላይ አሳርፋ። አንድ ወታደር ቆቡን በብብቱ ይዞ። አሁን ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው። ከአገሩ የራቀ ሰው ፎቶ ቤት የሚገባው ብቻውን ነው። አጠገቡ የሚቆም ዘመድ ከየት ያመጣል?

ከእነዚህ ፎቶዎች 31ዱን በገዛ እጄ አበላሽቻለሁ። ይህን የምጽፈው በየቤቱ እንዲህ ዓይነት ቆርቆሮ እንዳለ ስለማውቅ ነው። የናንተው እንዳይበላሽ።

አያቴ በ2011 አረፈች። አርባዋ ካለፈ በኋላ ቆርቆሮውን ላስተካክለው ብዬ ወሰድኩት። ፎቶዎቹ በጥቅል በጥቅል በነጭ ፈትል ታስረው ነበር። አንዱ ጥቅል ሦስት ፎቶ አለው፣ ሌላው ሰባት። ፈትሉ አርጅቶ ጠቁሯል። በመቀስ ቆረጥኩና ጣልኩት። ከዚያ ፎቶዎቹን በመጠን ለየሁ፤ ትልቁን ከትልቅ፣ ጉርዱን ከጉርድ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሥርዓት ያስያዝኩት መስሎኝ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ስህተት ሁሉ ከዚያ መቀስ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ለምን እንደሆነ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ቀጥሎ አቧራውን ላጸዳ ጨርቅ በውሃ አረጠብኩ። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስል ያለው ጄላቲን በሚባል፣ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ በሚሠራ ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ጄላቲን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል። በዚያ ላይ ሲፈተግ ይላጣል። ይህን አላውቅም ነበር። የወታደሩ ጉንጭ ጨርቁ ላይ መጣ። እንዲህ ሆኖም አላቆምኩም፤ አንድ ሌላ ጨምሬ ነው የተውኩት። እናንተ አቧራ ካያችሁ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ውሰዱና ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀስታ ጥረጉ። በብሩሽ ያልለቀቀውን እድፍ ተዉት። እድፍ ያለበት ፊት፣ ፊት ከሌለው ፎቶ ይሻላል።

ከዚያ ደግሞ አልበም ገዛሁ። ገጹ ሙጫ ያለው፣ ላዩን በፕላስቲክ የሚሸፍን ዓይነት። አብዛኞቻችሁ ቤት አለ። 52 ፎቶ ለጠፍኩበት። ሙጫው ከዓመት ዓመት እየጠነከረ ከፎቶው ጀርባ ጋር ይጣበቃል፣ ወረቀቱንም ያቢጫል። ይብስ ብዬ በጣም የወደድኳቸውን 6 ፎቶዎች ላሚኔት አስደረግኋቸው። እኛ አገር ውድ ወረቀት ሁሉ ላሚኔት ይደረጋል፤ የልደት ካርድ፣ ዲፕሎማ። ፎቶ ግን በሙቀት ከፕላስቲክ ጋር ከተዋሐደ በኋላ መመለሻ የለውም። ስድስቱ ዛሬም እንደታሸጉ ናቸው። አንደኛው ውስጥ ገብታ የቀረች የአየር አረፋ አለች፣ ልጅቷ ዓይን ላይ።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲደርስብን ከምንኖርባት ደሴ ለቀን ወጣን። ያን ጊዜ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልነበራችሁም ሰምታችኋል። የቤት ካርታ ያዝን፣ የባንክ ደብተር ያዝን፣ የልጆች ሰርተፍኬት ያዝን። ቆርቆሮውን ረሳነው። ከረጢት ውስጥ ይገባ ነበር እኮ፣ ቦታ ነበረው። ማናችንም አላሰብነውም።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ስንመለስ በሩ ክፍት ነው። ቁም ሣጥኑ ተገልብጧል። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተሰብሮ ውሃው ወለሉን አዳርሶታል። አልበሙ ውሃው ላይ ተኝቷል። ቆርቆሮው ግን አልጋ ሥር ተሽቀንጥሮ ነበር፤ ክዳኑ ተጣሞ በግማሽ እንደተከደነ። አልበሙ ስላልበቃቸው ቆርቆሮው ውስጥ ከተውኳቸው 60 ፎቶዎች 4ቱ ጠፉ፤ የቀሩት ደርቀው ቆዩኝ። እንዳይበላሹ ብዬ የለጠፍኳቸው ግን ውሃውን በፕላስቲኩና በሙጫው መካከል ይዘው ቆይተው ሻግተዋል።

በዚያ ቀን ያደረግሁትን ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል። ድንጋጤ ነው። እየገነጠልኩ ከአልበሙ አወጣኋቸው። የተጣበቁትን ሁለት ፎቶዎች ሳብኳቸው፤ የአንዱ ሰውዬ ፊት የሌላው ጀርባ ላይ ቀረ። የተረፉትን በረንዳ ላይ ፀሐይ አሰጣሁ። ተጠቅልለው ተሰነጠቁ። ከሰዓት በኋላ እናቴ በረንዳውን አየችና ምንም ሳትናገር ገባች።

ማታ ለጓደኛዬ አባት ስልክ ደወልኩ። ጋሼ ደሴ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ ፊልም በጨለማ ክፍል ሲያጥቡ ያረጁ ሰው ናቸው። ነገሩን ሳልጨርስላቸው «አትንኪ! እጅሽን አንሺ!» አሉኝ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ አስይዘው መጡ።

«ይሄ ፎቶ መጀመሪያም ሲሠራ ውሃ ውስጥ ነው የታጠበው» አሉኝ። «ውሃ ያጣበቀውን ውሃ ያላቅቀዋል። አንቺ ብቻ አትሳቢ።»

ሥራቸውን ላስረዳችሁ፣ አንድ ቀን ይጠቅማችኋል። በመጀመሪያ የሚታየውን ሁሉ በስልክ አስነሱኝ፤ ፊቱንም ጀርባውንም። ምክንያቱም ጀርባ ላይ በእስክርቢቶና በብዕር የተጻፈ ቀለም ውሃ ውስጥ ይፈታል። እርጥብ ሆነው እርስ በርስ የተጣበቁትን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተቷቸው። ጠበቅን። ቡና ተፈላ፣ ተጠጣ። አንዳንዱ በግማሽ ሰዓት በራሱ ተንሸራቶ ተለየ፣ አንዳንዱ ሦስት ሰዓት ፈጀ። የተለየውን ሁለተኛው ሳፋ ውስጥ አለቀለቁና ንጹሕ ነጠላ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ምስሉ ወደ ላይ ሆኖ አስተኙት። ማድረቂያ ማሽን የለም፣ ፀሐይ የለም። በዚያ ቀን ያልደረስንባቸውን በላስቲክ ከረጢት አድርገው ጎረቤት ፍሪዘር ውስጥ አስገቧቸው። እርጥብ ፎቶ በሁለት ቀን ውስጥ መሻገት ይጀምራል፤ ቅዝቃዜው ጊዜ ይገዛልናል ብለው።

ውሃው ለሁሉም መድኃኒት አይደለም። ፎቶ አንሺው በብሩሽ ከንፈርና ጉንጭ የቀባቸውን ፎቶዎች፣ ወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፉ ጥንታዊዎችን፣ ከመስታወት ጋር ተጣብቀው የደረቁትን ጋሼ አልነኩም። ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ካላችሁ ከነመስታወቱ ይቀመጥ፤ ከነመስታወቱም ኮፒውን አንሱት። ከሙጫ አልበም ለማላቀቅ ደግሞ የጥርስ ማጽጃ ክር አሳዩኝ፤ ሰም የሌለውን። ፎቶው ሥር አስገብቶ እንደ መጋዝ ግራ ቀኝ ማለት ነው፣ ቀስ እያሉ። እምቢ ካለ ገጹን ዙሪያውን ቆርጦ ከነወረቀቱ ማስቀመጥ ይሻላል።

ከአልበሙ 23 ተረፉ። 29 አልተረፉም። ጨርቁ ከበላቸው ሁለቱ ጋር 31።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ቤት መሄድ ጀመርኩ። ፎቶ ማየት የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። በፊት የማየው ፊት ብቻ ነበር፤ ማን ይሆን፣ ምስኪን፣ ሲያምር፣ እያልኩ። ጋሼ ፎቶዎቹን ምንጣፍ ላይ ዘረጉና «ሰውየውን ለጊዜው ተዪው፣ መሬቱን እዪ» አሉኝ። አየሁ። የወለሉ ንጣፍ ጥቁርና ነጭ ዳማ ነው። ሌላ ፎቶ ላይም ያው ዳማ አለ፣ ያው የተሰበረች ጥግ። መጋረጃው ላይ ያው የተሳለ ባሕር፣ ያው ጀልባ። ወንበሩ እግሩ ላይ ያው ጭረት። ማታ ስንጨርስ የማይተዋወቁ የሚመስሉ ሰዎች በሦስት ፎቶ ቤት ተመድበው ተቀምጠዋል። አሥራ ዘጠኙ ባንድ መጋረጃ ፊት፣ ባንድ ወንበር ላይ የተነሱ ናቸው። ጥግ ላይ በነጭ የምትታየውን ትንሽ ቁጥርም አሳዩኝ። ነጋቲቩ ላይ የተጻፈች የፎቶ ቤቱ መዝገብ ቁጥር ናት። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ስናስቀምጥ ማን ቀድሞ ማን ኋላ እንደተነሳ ታወቀ።

ከምኒልክ ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ያነሱ የቦያጅያን ቤተሰብ ፎቶ አንሺዎች ስማቸው ተመዝግቦ ይኖራል። የረዳቶችንና የወደብ ሠራተኞችን ፎቶ ያነሳው ሰው ግን የተወልን ይህን መጋረጃ ነው። ስለዚህ መጋረጃው እንደ ፊርማው ይታይ።

ዘመኑን ለመገመት የረዱኝ ነገሮች አሉ። ጀርባው ላይ «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» የሚል አድራሻ ካለ፣ ጽሑፉ ከ1967 በኋላ የተጻፈ ነው፤ የከተማ ቀበሌ የመጣው ያኔ ነው። የእድገት በኅብረት ዘማች ልብስ የለበሰ ተማሪም ወደዚያው ወደ 1967 አካባቢ ይወስደናል። ወረቀቱ ሲዳሰስ እንደ ፕላስቲክ ከሆነ ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ንጹሕ ወረቀት ነው፣ ጠርዙ ይጠቀለላል። ሱቅ ውስጥ የብር ኖት የሚፈተሽበትን ሐምራዊ መብራትም ሞክሩት። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሠሩ ብዙ የፎቶ ወረቀቶች ነጭነትን የሚጨምር ኬሚካል ስላላቸው መብራቱ ሲያርፍባቸው ሰማያዊ ሆነው ያበራሉ። የሚያበራ ከሆነ በጣም ጥንታዊ ነው አትበሉ። ካላበራ ግን በዚያ ብቻ ጥንታዊ ነው ብላችሁ አትፍረዱ።

የዓመተ ምሕረቱን ነገር ተጠንቀቁ። አንድ ፎቶ ጀርባ ላይ 1961 የሚል ማህተም ነበር። በኛ አቆጣጠር ይዤው ለወራት ተሳሳትኩ። ከሥሩ የነበሩትን ደብዛዛ የላቲን ፊደላት በአጉሊ መነጽር ሳይ ነው የነቃሁት፤ ማህተሙ የፈረንጅ ነው። ሰውየው የተነሳው በኛ በ1953 ወይም 54 ነው ማለት ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ትልቅ ልዩነት ነው። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ገና አልተከፈተም፤ እኔ ግን የማጣሪያው ሠራተኛ አድርጌ ጽፌው ነበር። ያውም በእስክርቢቶ፣ ጀርባው ላይ፣ ተጭኜ። ጽሑፉ ዛሬ በፊት በኩል ግንባሩ ላይ ጎልቶ ይታያል። ለስላሳ እርሳስ ይዛችሁ ጠርዝ ላይ ሳትጫኑ ጻፉ። ፕላስቲክ መሰሉ ወረቀት እርሳስ አይቀበልም፤ የዚያን ጊዜ ማስቀመጫ ፖስታው ላይ ጻፉ፣ ፎቶው ከመግባቱ በፊት።

አሁን አንድ የማፍርበት ነገር ልንገራችሁ። 2015 ላይ 12 ፎቶዎች በስልክ መተግበሪያ ቀለም ቀባሁና «ማን ያውቃቸዋል?» ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። አንዷ አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ የያዘች ቆንጆ ሴት ነበረች። መተግበሪያው ንቅሳቷን እንደ እድፍ ቆጥሮ አጥፍቶታል፤ ልብ አላልኩም። በሁለት ቀን ውስጥ ፎቶዋ ብዙ ቦታ ደረሰ። አንድ ሰው የፍቅር ታሪክ ፈጥሮላት ጻፈ። ሥሩ ላይ ስለ ሥራዋ ክፉ ክፉ አስተያየት ተሰጠ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «እናቴ ናት። ንቅሳቷን ማን አጠፋው? እባክሽ አውርጂው።»

አወረድኩት። ሌሎቹ ጋ የደረሰውን ግን ማውረድ አልቻልኩም። ዋናውን ፎቶ በእጇ ሰጠኋት። ስለ እናቷ ምንም እንዳልጽፍ ጠየቀችኝ፤ አልጽፍም። ስሙ ያልታወቀ ሰው ባለቤት የሌለው መስሎኝ ነበር። ልጆች አሉት፣ የልጅ ልጆች አሉት፣ ክብር አለው። አሁን ሰው ስፈልግ የማሳየው መጋረጃውን፣ ማህተሙን፣ የእጅ ጽሑፉን ቆርጬ ነው። ፊቱን የማሳየው በአካል፣ ወይም የሚያውቅ ሰው ሲገኝ ነው። ቀለም መቀባትም ተውኩ። የምትወዱት ከሆነ ኮፒው ላይ ይሁን፣ ዋናው ስካን ሳይነካ ይቀመጥ፤ የተቀባው ደግሞ የተቀባ መሆኑ ይጻፍበት።

በመጨረሻ ወደ እትዬ ሄድኩ። ከሁሉም በፊት መሄድ የነበረብኝ እሳቸው ጋ ነበር። እትዬ በወጣትነታቸው አያቴ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበሩ። ዛሬ ከሰማንያ አልፈዋል፣ ኮምቦልቻ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎን መውረድ ብቻ። ይህን መንገድ ለመውረድ ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

ፎቶዎቹን አንድ ባንድ እግራቸው ላይ አስቀመጥኩ። ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው «ማን ከማን ጋር ታስሮ ነበር?» አሉኝ።

አልገባኝም። «ፈትሉስ?» አሉ። «አያትሽ በፈትል አስራቸው አልነበር?»

እንዲህ ነው ነገሩ። ልጆቹ ከገጠር የወጡ ናቸው። እናቶቻቸው ፖስታ ሣጥን የላቸውም፣ ማንበብ አይችሉም። አድራሻቸው የአያቴ ምግብ ቤት ነበር። ልጁ አሰብ ፎቶ ይነሳል፣ በሾፌር ይልካል። እናት በገበያ ቀን ትመጣለች። አያቴ ጥቅሉን ከቆርቆሮ ታወጣለች፣ ጀርባውን ታነባለች፣ እናት ፎቶውን ስማ፣ አልቅሳ፣ መልሳ ትሰጣለች። ጭስ ከሞላበት ጎጆ ይልቅ አያቴ ጋ ይሻላል ብላ። እያንዳንዱ ጥቅል የአንድ ቤት ወይም የአንድ መንደር ነበር። ፈትሉ ነበር መዝገቡ።

«ከዚያ የ66ቱ ረሃብ መጣ» አሉ እትዬ። «ብዙዎቹ ቀሩ። አያትሽ ይመጡ ይሆናል እያለች ፎቶውን አስቀመጠች።»

መቀሱ ትዝ አለኝ። ለእትዬ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፣ ከዚያ «በይ አምጪ፣ የማስታውሰውን ያህል እንሞክር» አሉ።

እስካሁን 21 ሰው አውቀዋል። ከዚህ ከተማርኩት ልንገራችሁ። በአንድ ቀን ከአሥር ፎቶ በላይ አታሳዩ፤ አዛውንት ይደክማሉ፣ ሲደክሙ ደግሞ እናንተን ለማስደሰት ብለው ይገምታሉ። ትንሹን ፎቶ አሳትማችሁ ትልቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ዋናውንም ግን ይዳስሱት፣ ጣት ያስታውሳል። «ይሄ እከሌ ነው አይደል?» ብላችሁ አትጀምሩ። ዝም በሉ። ድምፅ ቅረጹ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ። ቁም ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቅጂውን ካቆማችሁ በኋላ፣ ቡና ላይ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ አታቁሙ። ስም ስትጽፉ ማን እንደነገራችሁና ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ጨምሩ። እኔ «እትዬ እንዳሉት፣ እርግጠኛ» ወይም «እትዬ እንዳሉት፣ ይመስላል» ብዬ እለያለሁ። ምንም ነገር ከታሰረ ጥቅል፣ ከአልበም ገጽ፣ ከፍሬም ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ እንዳለ፣ እንደተቀመጠ፣ ፎቶ አንሱት። ያ አንድ ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። እኔ ያን አንድ ደቂቃ አጥቼ ነው ዛሬ ዓመታት የምፈልገው።

አቀማመጡን ባጭሩ። እያንዳንዱ ፎቶ በነጭ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ለየብቻ ነው። ካኪ ፖስታና ጋዜጣ አሲድ ስላላቸው ፎቶውን ያቢጫሉ። ፕላስቲክ ማስቀመጫ ከፈለጋችሁ «ፒፒ» (PP፣ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ) የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ፤ እንደ አዲስ የዝናብ ልብስ የሚሸት ከሆነ ተዉት። በናፍታሊን የታጠነ ሣጥን ውስጥ አታስገቡ። ደሴ ነሐሴ ላይ ጉም ቤት ድረስ ይገባል፤ ስለዚህ ሳጥኑን ከውጭ ግድግዳ አርቄ፣ ከወለል ከፍ አድርጌ፣ ውስጠኛው ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ። ኮርኒስ ላይ አይሆንም፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን ይግላል ሌሊት ይቀዘቅዛል። ሁሉንም በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው)፣ ጉርዶቹን በ1200 ስካን አድርጌያለሁ፣ ጀርባቸውንም ጭምር። ስካነር ከሌላችሁ ስልክ ይበቃል፤ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ፣ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት፣ ያለ ፍላሽ አንሱ። አንዱ ቅጂ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፣ አንዱ ኢሜይሌ ውስጥ፣ አንዱ ደግሞ ዋሽንግተን ያለች እህቴ ጋ። ከተማ ለቆ መውጣት ያለ ነገር መሆኑን አይቻለሁና ሦስቱ አንድ ቤት አያድሩም። ቤተሰቡ ከፈቀደ አንድ ቅጂ ለሕዝብ ተቋም መስጠትም ይቻላል፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የቆዩ ፎቶዎች ከሚያስቀምጡት አንዱ ነው።

46 ሰዎች ዛሬም ስም የላቸውም። ፖስታቸው ላይ ያየሁትን እጽፋለሁ። «ወጣት፣ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ሰዓት አድርጓል፣ ሰዓቱ እንዲታይ ክንዱን ወደ ካሜራው አዙሯል። ባለ ጀልባው መጋረጃ። ቁጥር 3117።» ይህን ልጅ ብዙ ቀን አየሁት። ሸሚዙ ይሰፋዋል፣ የተዋሰው ይመስለኛል። አንገቱ ላይ ያለው ማተብ አዲስ ነው። ዓይኑ ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ያያል። ጀርባው ላይ ፊደል እንደተማረ ሕፃን በትላልቅ ፊደላት እንዲህ ተጽፏል፦ «እናቴ ሆይ እኔ ደህና ነኝ። ባሕሩ ሥዕል ነው አትስጊ።»

እትዬ ይህን ሳነብላቸው ፎቶውን ተቀብለው ደረታቸው ላይ አደረጉት። ስሙን አላስታወሱም። እናቱን ግን ያስታውሳሉ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣ የነበረች፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ እንቁላል በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ለአያቴ የምታመጣ ሴት። «ውሃ ትፈራ ነበር» አሉ። «ቦርከናን ስትሻገር እንኳ ሰው እጇን ይይዛታል።»

ይህንንም ፖስታው ላይ ጻፍኩት። ስም በሚለው ቦታ «የውሃ ፈሪዋ ልጅ» ብዬ።

ስወጣ እትዬ ከእንዝርታቸው ላይ ክንድ ሙሉ ነጭ ፈትል ቆርጠው ሰጡኝ። በሚመጣው ቅዳሜ ገና ያላሳየኋቸውን አሥር ፎቶዎች ይዤ ሐረጎን እወርዳለሁ።